የማን እጅ ተፈለገ?

የታላላቅ ቤዝቦል ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ ከነፊርማው መሰብሰብ በአሜሪካ የልጆች ፍቅር ሆኖ ኖሮ ዛሬ የባለጠጎች ገበያ ሆኗል። እኛን የሳበን ገበያው አይደለም። የማን እጅ ተፈለገ፣ የማንስ ሳይፈለግ ቀረ የሚለው ነው። ታሪክ እንማራለን የምንል ሰዎች ሰነድ ሰነድ ስንል እንውል የለም? ይኸም ሰነድ ነው።

ቤብ ሩትን ቶሎ እንለፈው። ሰውዬው ለለመነው ሁሉ እምቢ ማለት የማይሆንለት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1948 እስኪሞት ድረስ በኳስም በወረቀትም በፎቶግራፍም ላይ ሲፈርም ኖረ። ፊርማው ውድ ነው እንጂ ብርቅ አይደለም።

የጆ ጃክሰን ነገር ግን ሌላ ነው። በደቡብ ካሮላይና ገና በልጅነቱ ጥጥ ፋብሪካ የገባ፣ ፊደል ሳይቆጥር ያደገ ሰው ነው። በ1911 ለክሊቭላንድ ሲጫወት የመምታት ውጤቱ ከሺህ 408 ደረሰ፤ ስሙን መጻፍ ግን ጭንቁ ነበር። አድናቂ ፊርማ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የምትፈርምለት ሚስቱ ኬቲ ናት። እሱ ራሱ ሲፈርም እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል እየሣለ ነው። በጣታቸው የሚፈርሙ አያቶች ያሉን ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

እንግዲህ በዚያው በ1911 የተነሣውና በገዛ እጁ የፈረመበት አንድ ፎቶግራፍ በ2021 ለጨረታ ቀርቦ 1.47 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ፋብሪካ ከትምህርት ያስቀረው እጅ፣ ከትምህርት በመቅረቱ ተወደደ ማለት ነው! ሰውዬው ከዚህ ሁሉ ሳንቲም አልቀመሰም፤ የሞተው በ1951 ነው። በ1919ኙ የወርልድ ሲሪስ ውድድር ጉቦ በልተው ተሸነፉ ከተባሉት ስምንት የቺካጎ ተጫዋቾች አንዱ ተብሎ፣ በ1921 ፍርድ ቤት ነጻ ካወጣቸው በኋላ እንኳ ዕድሜ ልኩን ከጨዋታ ታግዶ ነበር።

ጆሽ ጊብሰን ደግሞ በቆዳው ቀለም ምክንያት ዘመኑን በጥቁሮች ሊግ ፈጅቶ በጥር 1947 ሞተ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰለፈ። በ2024 የጥቁሮች ሊግ ውጤት ከዋናው መዝገብ ሲገባ፣ ጊብሰን ከሺህ 372 ይዞ ታይ ኮብን ከአንደኝነት አወረደው። መዝገቡስ ታረመ። የጊብሰን ፊርማ ግን እንደ ሩት በየቤቱ አልተቀመጠም።

መቼም ብርቅ ነገር ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም። በ1990ዎቹ የሳንዲያጎው ቶኒ ግዊን በስሙ የሚሸጠው ፊርማ የሱ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ኤፍ ቢ አይም ሲያስስ የፎርጅድ ፈራሚዎች መረብ ላይ ደረሰ። ከተያዘው ዕቃ መካከል የእማሆይ ትሬዛ «ፊርማ» ያረፈበት ቤዝቦል ኳስ ነበር። ስቀን አላባራንም። ከ2001 ወዲህ ሊጉ ተጫዋቹ ሲፈርም ቆሞ የሚያይ ምስክር ይመድባል፣ ቁጥር ያለው ተለጣፊም ይለጥፋል። ይህ ለጃክሰን አይደርስለትም፤ የሱን ፊርማ የሚመረምሩ ሰዎች የሚያመሳክሩት በሕጋዊ ወረቀቶች ላይ እየተጨነቀ ከሣላቸው ጥቂት ፊደሎች ጋር ነው።