በአንድ ሞገድ ላይ የተደባለቁ መልእክቶችን የመለየት ታሪክ

የሬዲዮ ታሪክ በአመዛኙ የሚተረከው መልእክትን ወደ ሩቅ ቦታ ለማድረስ ከተደረገው ጥረት አንጻር ነው። ከርቀቱ ባላነሰ ሁኔታ ሊቃውንቱን ያስጨነቀው ሌላው ጥያቄ ግን እምብዛም አይወሳም። ይኸውም ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ መልእክት ቢልኩ ተቀባዩ የአንዱን ከሌላው እንዴት ለይቶ ያነባል የሚለው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ሲሆን ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ችግሩ በአደባባይ ከታየባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ በ1901 በኒውዮርክ አቅራቢያ በባሕር ላይ የተካሄደው «የአሜሪካ ዋንጫ» የሸራ ጀልባዎች ውድድር ነበር። ማርኮኒ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ውድድር ለአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ በገመድ አልባ ቴሌግራፍ ዘግቦ ስሙ ገንኖ ነበር። በ1901 ግን የማርኮኒ ኩባንያ ለአንድ የዜና ድርጅት፣ ሊ ዲ ፎረስት ለተፎካካሪው ድርጅት፣ ሦስተኛ ወገንም በበኩሉ በአንድ ጊዜ ማሰራጨት ጀመሩ። የአንዱ ምልክት የሌላውን እያጠፋ በየብስ ላይ የነበሩት ተቀባዮች የሚነበብ ነገር አጡ።

ምክንያቱ ከመሣሪያው ጠባይ የመነጨ ነበር። የዘመኑ አስተላላፊ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ብልጭታ ደግሞ ኃይሉን በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ሰብስቦ አይልክም፤ መብረቅ በበረቀ ቁጥር በሬዲዮ ውስጥ እንደሚሰማው መንጫጫት በሰፊው የሞገድ ክልል ላይ ይበትነዋል። የብረት ብናኝ የያዘው የመቀበያ ቱቦም ሞገድ መምጣቱን ከማመልከት በቀር ከማን እንደመጣ አይለይም ነበር።

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ቅኝት ነው። ኦሊቨር ሎጅ በ1897፣ ማርኮኒ ደግሞ በ1900 ቁጥሩ 7777 በሆነው ታዋቂ የፈጠራ መብት ያቀረቡት ሐሳብ፣ ክራር ደርዳሪ አውታሩን እንደሚቃኝ ሁሉ አስተላላፊውንና ተቀባዩን በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ማስማማት ነበር። በዚህ ዘዴ ሌላ ሰው ሊገባበት እንደማይችል ቢነገርም፣ በጁን 1903 በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን በሕዝብ ፊት በተደረገ ትርኢት ላይ ኔቪል ማስክሊን የተባለ የምትሐት ባለሙያ ከአቅራቢያው የራሱን ምልክት በመላክ በማርኮኒ ላይ የሚያላግጡ ቃላትን በመቀበያው ውስጥ አስገባ። ቅኝት የሞገዱን በር ያጠበዋል እንጂ በአንድ በር የሚገቡትን ሁለቱን አይለይም።

በዚህ ረገድ ከመሣሪያው ይልቅ የላቀው የሰው ጆሮ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠሩት አስተላላፊዎች ብልጭታቸው እጅግ ፈጣንና የተስተካከለ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱን ቀጭን ወይም ወፍራም ድምፅ ሰጡት። ስለሆነም የሠለጠነ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሁለት ጣቢያዎች ተደራርበው ሲመጡ በድምፃቸው ቅላጼ ለይቶ የአንዱን መጻፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሁለቱ በኃይል ሲቀራረቡ ነው። ቅርብ ያለው ጣቢያ እጅግ ከበረታ የሩቁ ደካማ ምልክት ፈጽሞ ይዋጣል።

ይህ ጉድለት በኤፕሪል 14 ቀን 1912 ምሽት ምን ያህል የከፋ ሊሆን እንደሚችል ታየ። የታይታኒክ የሬዲዮ ሠራተኛ ጃክ ፊሊፕስ በኒውፋውንድላንድ ከሚገኘው ከኬፕ ሬስ ጣቢያ ጋር የመንገደኞችን መልእክት ይለዋወጥ ነበር። የኬፕ ሬስ ምልክት ሩቅ በመሆኑ ደካማ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በበረዶ ተከብባ በአቅራቢያው የቆመችው የካሊፎርኒያን መርከብ ሠራተኛ ስለ በረዶው ለማስጠንቀቅ ምልክት ሲልክ ድምፁ በፊሊፕስ ጆሮ ውስጥ እጅግ ጮኾ ገባ። ፊሊፕስም ሥራ ላይ መሆኑን ገልጾ ዝም እንዲል በቁጣ መለሰለት። የካሊፎርኒያን ሠራተኛ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ ከበረዶው ጋር የተጋጨችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነበር፤ ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ። ለዚህ የፊሊፕስን ቁጣ ብቻ ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ተገቢ አይመስልም። በጆሮው ላይ የነበረው መሣሪያ የቅርቡን ሰምቶ የሩቁን እንዲይዝ የሚያስችለው አልነበረምና።

መንግሥታት የሰጡት መልስ መለያየት ሆነ። አሜሪካ በኦገስት 1912 ባወጣችው ሕግ ጣቢያዎች ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጡ፣ አማተሮችም ከ200 ሜትር በማይበልጥ የሞገድ ርዝመት እንዲወሰኑ አደረገች። ለእያንዳንዱ የየራሱን ሞገድ መመደብ ከዚያ ወዲህ የዓለም ሥርዓት ሆነ። ሥርዓቱ ብዙ ሕይወት ማትረፉ አይካድም። ሆኖም ባለቤቱ ዝም ባለ ጊዜ ሞገዱ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ከዚህም በላይ፣ የሌላው ሰው መልእክት ከመወገድ በቀር ምንም የማይጠቅም ሁካታ ነው የሚል አስተሳሰብ በባለሙያዎች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ክፍፍሉን ደፍሮ የተወው በኖርማን አብራምሰን መሪነት በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ1971 ሥራ የጀመረው አሎሃ የተባለው የኮምፒውተር መረብ ነው። በየደሴቱ ያሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ ሞገድ ላይ ባሻቸው ጊዜ ይልካሉ፤ ሁለት መልእክቶች ቢጋጩ ሁለቱም እንደጠፉ ተቆጥሮ ጥቂት ቆይተው ይደገማሉ። ቀላልነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በስሌት እንደተረጋገጠው ሞገዱ ቢበዛ ከአቅሙ 18.4 በመቶ ብቻ ያገለግላል። ሎውረንስ ሮበርትስ ላኪዎቹ ሁሉ በተወሰነ ቅጽበት ላይ ብቻ እንዲጀምሩ በማድረግ ይህን ወደ 36.8 በመቶ ከፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። የተቀረው በግጭት ወይም በዝምታ የሚባክን ነው።

የተጋጩት መልእክቶች በእርግጥ ጠፍተዋልን? በዚሁ ጊዜ የኢንፎርሜሽን ቲዮሪ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የተለየ መልስ እያዘጋጁ ነበር። ሩዶልፍ አልስቬደ በ1971፣ ሄንሪ ሊያዎ ደግሞ በ1972 በዚያው በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ብዙ ላኪዎች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ቢልኩ ተቀባዩ የሁሉንም ሊያነብ የሚችልበትን ወሰን በሒሳብ ወሰኑ። ቶማስ ከቨርም በ1972 ባሳተመው ጥናት የተደራረቡ መልእክቶችን ተራ በተራ የማንበብን መንገድ አመለከተ።

ሐሳቡ ሲታሰብ ቀላል ነው። አንድ ተቀባይ ብርቱና ደካማ የሆኑ ሁለት መልእክቶች ተደባልቀው መጡለት እንበል። ደካማውን ለጊዜው እንደ ሁካታ ቆጥሮ ብርቱውን ያነባል። ብርቱው ምን እንደሚል ካወቀ ዘንድ ያ መልእክት በአየር ላይ የነበረውን ሞገድ እንደገና በስሌት መሥራት ይችላል። የሠራውንም ሞገድ ከተቀበለው ድብልቅ ላይ ይቀንሰዋል፤ የሚተርፈው ደካማው ነው። እንግዲህ የቅርቡ ጣቢያ ጩኸት፣ በ1912 ምሽት እንቅፋት የነበረው፣ እዚህ ላይ ረዳት ይሆናል። እጅግ የበረታው መልእክት በቀላሉ የሚነበብ ስለሆነ በቀላሉ ይቀነሳልና። አስቸጋሪ የሚሆነው ሁለቱ በኃይል እኩል ሲሆኑ ነው። በብልጭታ ዘመን ይህን መሥራት አይቻልም ነበር፤ ሞገዱን መዝግቦ የሚያቆይና ፈጥኖ የሚያሰላ መሣሪያ ያስፈልጋልና።

ሰርሂዮ ቬርዱ በ1986 ባሳተመው ጥናት ሁሉንም ላኪዎች በአንድነት አመዛዝኖ ከሁሉ የተሻለውን ግምት የሚሰጥ ተቀባይ ምን መምሰል እንዳለበት አሳየ። ይሁን እንጂ የስሌቱ ብዛት ላኪ በተጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ ለ10 ላኪዎች 1,024፣ ለ30 ላኪዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ አማራጮችን መመርመር ይጠይቃል። በ1990ዎቹ የተስፋፋውና ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተለየ ኮድ የሚሰጠው የሞባይል ስልክ ሥርዓትም በዚህ ምክንያት ሌላ መንገድ መረጠ። የእያንዳንዱን ስልክ ኃይል በሰከንድ 800 ጊዜ እያስተካከለ ሁሉም እኩል ሆነው እንዲደርሱ አደረገ እንጂ የሌሎቹን መልእክት ለመቀነስ አልሞከረም።

ዘዴው በጉልህ ካስፈለገባቸው ቦታዎች አንዱ እንደገና ባሕር ሆነ። ከ2002 እስከ 2004 ድረስ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ትላልቅ መርከቦች ስማቸውን፣ ያሉበትን ቦታና አቅጣጫቸውን በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ በራሱ በሚሠራ መሣሪያ ያሳውቃሉ። አንዱ ደቂቃ በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ 2,250 ተራዎች አሉት፤ የሚሰማሙ መርከቦችም ተራውን እርስ በርሳቸው ይከፋፈሉታል። ለመርከቦቹ ይህ በቂ ነው። ለሳተላይት ግን አይደለም። በ600 ኪሎሜትር ከፍታ በቀይ ባሕር መካከል ላይ የሚያልፍ ሳተላይት ከስዊዝ እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤና እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል። እነዚህ መርከቦች አንዱ ሌላውን ስለማይሰማ በአንድ ተራ ላይ ይናገራሉ።

የኖርዌይ አይስሳት 1 ሳተላይት በ2010 ከመጠቀ ወዲህ በዚህ መስክ ብዙ ተሠርቷል። ሳተላይቱ በሰከንድ 7.5 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከፊቱና ከኋላው ያሉት መርከቦች ሞገድ እስከ 4 ኪሎኸርዝ ድረስ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህም ልዩነት የተደራረቡትን ለመለየት አንድ መነሻ ይሰጣል። ቀጥሎ የተነበበው እየተቀነሰ የተረፈው ይፈለጋል። የትልቅ መርከብ መሣሪያ ኃይሉ 12.5 ዋት ሲሆን ትናንሽ ጀልባዎች የሚይዙት አነስተኛው ዓይነት 2 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ የዓሣ አጥማጁ ምልክት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከላዩ ያሉት ትላልቆቹ በትክክል ተነብበው ከተነሡ በኋላ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ በስሕተት ከተነበበ ስሕተቱ ከድብልቁ ላይ ሳይነሣ ቀርቶ በደካማው ላይ ይጨመራል።