በእግር የሚዳረስ ሰፈር በጎንደር

በእግር የሚዳረስ ሰፈር የሚባለው ነዋሪው ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ውኃውን፣ ቤተ እምነቱንና የታክሲ ፌርማታውን ከደጁ ሳይርቅ የሚያገኝበት ሰፈር ነው። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 በትምህርት ቤት ዙሪያ የሚገነባ ሰፈር ነደፈ። በእኛ ዘመን ደግሞ በፓሪስ የሚያስተምረው ካርሎስ ሞሬኖ «የ15 ደቂቃ ከተማ» የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። የጎንደር አሮጌው ክፍል ከሁለቱም በፊት በእግረኛ ልክ የተሠራ ነው።

አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ ነው። የፋሲል ግቢ አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት። መንገዶች ከበሮቹ ወጥተው ወደ አድባራቱና ወደ መኖሪያ ሰፈሮቹ ይወርዳሉ። እጨጌ ቤትና አቡን ቤት የሚባሉት ሰፈሮች ከግቢው ብዙ አይርቁም። ቅርበቱ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሰፈራቸው ዛሬ አዲስ ዓለም ይባላል። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በቆየው የጣሊያን ወረራም አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ያወጣው ፕላን ጣሊያናውያንን ከአገሬው ነጥሎ ያሰፍር ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረችው ፒያሳ አሁን የሁሉም መገናኛ ሆናለች።

በጎንደር ርቀትን በሜትር ብቻ መለካት ያሳስታል። ሜዳ ላይ በ15 ደቂቃ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። ተራራ ወጪዎች ግን በየ10 ሜትሩ ሽቅብ 1 ደቂቃ ይጨምራሉ። በዚህ ስሌት 100 ሜትር ከፍታ የሚያስወጣ መንገድ ተጨማሪ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ፕላን አውጪ ጤና ጣቢያን በካርታ ላይ ክብ ሠርቶ ማስቀመጥ አይገባውም፤ ዳገቱን ቆጥሮ ሊያስቀምጠው ይገባል። ውኃም እንዲሁ ነው። የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላውና የከተማው ፍላጎት እየበዛ ሲሄድ ቧንቧው በሚቋረጥበት ቀን ጀሪካን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት በብዛት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ቦኖ ከአገልግሎቶች ሁሉ በፊት ለቤት ሊቀርብ የሚገባው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ 207,044 ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ በማራኪ አድርጋ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ረዝማለች። አዘዞ ከፒያሳ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አየር ማረፊያውም እዚያው ነው። ሚኒባስ በዋናው አስፋልት ይመላለሳል፣ ባጃጅ ወደ ውስጥ ይገባል። አስፋልቱ ዳር የሚኖር ሰው ታክሲ አያጣም፤ ከገደሉ በታች ያለው ግን አስፋልቱ ጋ ለመድረስ ብቻ ላቡ ይፈሳል። በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ዋናውን ጎዳና ለእግረኛ አስፍቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የበለጠ የሚያስፈልገው ግን ከሰፈሩ ወደ ጎዳናው የሚያወጣው መንገድ ነው፦ ኮብልስቶን፣ መደገፊያ ያለው የድንጋይ ደረጃ፣ መብራት፣ የክረምት ጎርፍ የሚያወርድ ቦይ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እስከ 2029 የእግረኛና የብስክሌት መንገድን ያስቀድማል።

ጉዳዩ የጎንደር ከተማ ብቻ አይደለም፤ በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ ያሉት የዳባትና የደባርቅ ከተሞች ያደጉት አንዱን አውራ ጎዳና ተከትለው ነው። የገበያ ዕለት የገጠሩ ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ በዚያው ጎዳና ይመጣል፤ አውቶቡሱና የጭነት መኪናውም እሱኑ ይጋራሉ። እዚያ የመጀመሪያው የፕላን ሥራ ከአስፋልቱ ጎን ለሰውና ለአህያ የሚሆን የአፈር መንገድ መተው፣ ከዚያም ገበያውን፣ መናኸሪያውንና ጤና ጣቢያውን ሕፃን ያዘለች እናት አስፋልት ሳትሻገር ልትደርስባቸው በምትችልበት በአንድ ወገን ማድረግ ነው።