«ግራፊክስ ካርድ»፤ የስያሜውና የሥራው ታሪክ

አንድን ባዕድ መሣሪያ በአማርኛ ለመሰየም የሚነሣ ሰው፣ ዕቃው ምን እንደሚመስል ከመመርመሩ በፊት ለምን እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባዋል። በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገጠመው ግራፊክስ ካርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ለብዙው ሰው የሚታወሰው የጨዋታና የፊልም ምስል ቢሆንም፣ ታሪኩ ሲመረመር ከፊደል ችግር ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር፣ ለጽሑፍ ሥራ በተዘጋጀው ባለአንድ ቀለም ካርዱ ማሳየት የሚችለው 256 ቅርጾችን ብቻ ነበር። ቅርጾቹም በካርዱ ቺፕ ላይ በቋሚነት የተቀረጹ በመሆናቸው ተጠቃሚው ሊለውጣቸው አይችልም ነበር። ከእነዚህም የመጀመሪያው 128 ቦታ ለላቲን ፊደልና ለመሰሎቹ የተመደበ ነው። የአማርኛ 33 ፊደላት ግን በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። ስለዚህ ፊደላችን በቀሪው 128 ቦታ ሊገባ አይችልም ነበር።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። የሄርኩለስ ኩባንያ መሥራች የሆነው ታይላንዳዊው ቫን ሱዋኑኩል፣ ለዶክትሬት ጥናቱ በታይ ፊደል መጻፍ ፈልጎ ስላልተቻለው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በዚያው ኩባንያ ስም የታወቀውን ካርድ ሠራ። ካርዱ የስክሪኑን 720 በ348፣ ማለትም 250,560 ነጥቦች እያንዳንዳቸውን ለብቻ ማብራትና ማጥፋት ስለሚችል፣ ማናቸውንም ፊደል በነጥብ መሣል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ኢጂኤ ካርድ ደግሞ እስከ 512 የሚደርሱ የፊደል ቅርጾችን ከፕሮግራም የሚቀበል ሆነ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ የግእዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሲያገኝ የቦታው ጥበት ተወገደ።

ከዚህ አንጻር «የሥዕል ካርድ» የሚለው ትርጉም ጐደሎ ይሆናል። «ግራፊክስ» የተገኘበት የግሪክ ግሥ «ጻፈ» ማለትም «ሣለ» ማለትም ነው፤ መዝገበ ቃላት ሥዕሉን ብቻ ቢወስድ፣ ለፊደላችን መንገድ የከፈተውን ተግባር ከትርጓሜው ያወጣዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግሡ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ተግባረ እድ ስሙን ያገኘው ከግእዝ ነው፤ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። በሥራ ቤት የሚነገሩት «ፒንሳ»ና «ካቻቢቴ» ግን ከጣሊያንኛ መጥተው ማንም እንደ ባዕድ የማይቈጥራቸው ሆነዋል። በዚያው በልደታ በቤቱ ካርድ የሚለውጥ ሰው የኤሌክትሪኩን ገመድ ይነቅላል፤ የሣጥኑን ክዳን ይከፍታል፤ ብሎኑን በካቻቢቴ ይፈታል፤ ካርዱን በማዘርቦርዱ ረጅም ማስገቢያ ይሰካል፤ ብሎኑን መልሶ ያጠብቃል፤ የስክሪኑንም ገመድ ከአዲሱ ካርድ ጋር ያገናኛል። ይህ ሁሉ «መግጠም» ይባላል። ከዚያ በኋላ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩን፣ «ይጭናል»። እንግሊዝኛ በአንድ ግሥ የሚጠራውን ሥራ አማርኛ ለሁለት ከፍሎታል፤ እጅ የሚያያይዘው ይገጠማል፣ ኮምፒዩተሩ የሚሸከመው ይጫናል። በቅሎ ሲጫን የኖረው ግሥ ያለ አንዳች ኮሚቴ ለአዲስ ሥራ ውሏል።

እንግዲህ «ግራፊክስ ካርድ» በአማርኛ መዝገበ ቃላት በውሰት ስሙ ቢገባ፣ «ፊደልንና ምስልን በስክሪን ላይ በነጥብ የሚያወጣ ሰሌዳ» ተብሎ ቢፈታ፣ «ገጠመ»ና «ጫነ»ም ይህን ፍቺ በየራሳቸው ቦታ ቢያገኙ ተገቢ ይሆናል። «ካቻቢቴ»ን ያስለመደ ሕዝብ «ካርድ»ን ማስለመድ አያቅተውም፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ድርሻ ሠራተኛው የለየውን ልዩነት ሳይደባልቅ መመዝገብ ነው።