ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ስለ ወተት ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ላም ነው። የተዳቀለች ላም ስንት ሊትር ታለበች፣ ጊደሯ ስንት ብር ገባች። ፍየል የምትነሣው በዓል ሲደርስ ዋጋዋን ለማማረር ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ግን በዚሁ አገር በፍየል ወተት ላይ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ውጤቱም ተለክቶ ተጽፏል። ዛሬ እሱን ላንሣ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር የፍየል ወተት ልጅ ሲታመም እንደ መድኃኒት የሚፈለግ እንጂ ማንም ለቁርስ የሚያስበው አልነበረም። አፋርና ሶማሌ ዘንድ ደግሞ የዕለት ቀለብ ነው። ታዲያ ደገኛው ለምን ተወው? አንዳንዱ ሃይማኖትን ይጠራል፤ ነገር ግን ፍየል ከሚበሉት እንስሳት ናት፣ ወተቷን የሚከለክል ሥርዓት የለም። እኔ ነገሩ የመናጫ ጉዳይ ይመስለኛል። የደጋ እመቤት ወተት የምታጠራቅመው ቅቤ ልትንጥ ነው፤ ቅቤ ለወጥ ይሆናል፣ ገበያም ይወጣል። ያገራችን ፍየል ግልገሏ ጠብቶ የሚተርፋት ብርጭቆ፣ ሁለት ብርጭቆ ነው። በዚያ መናጫ አይሞላም። ስለዚህ ወተቷ ለግልገሏ፣ ሥጋዋ ለገበያ ተባለና ቀረ።

ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ሒሳቡ ተለወጠ። በሬና ላም ያለቀበት ቤት ጊደር ገዝቶ፣ አሳድጎ፣ አስጠቅቶ ወተት እስኪያይ ዓመታት ይፈጃል። ፍየል በአምስት ወር ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜም መንታ። ላም የማትነካውን ቁጥቋጦ ትበላለች። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሰር ማይክል ውድና ዴቪድ ካምቤል ያቋቋሙት ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት ከዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲና ከአዋሳ የግብርና ኮሌጅ ጋር ሆኖ በሐረርጌ ደጋና በደቡብ የወተት ፍየል ፕሮግራም ጀመረ። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጨረሻ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለድኻ ሴት ሁለት ሴት ፍየል በብድር ይሰጣታል። ብድሩን የምትከፍለው በብር አይደለም፤ የተወለደላትን ግልገል ለሌላ ድኻ ሴት አሳልፋ በመስጠት ነው። ከዚያ በፊት ግን ትምህርት አለ። ሉኪኒያና የዝሆን ሣር በአጥር ጥግና በእርከን ጠርዝ መትከል፣ ፍየሏን አስሮ መቀለብ፣ የትል መድኃኒት በጊዜው መስጠት፣ ጡቷን አጥቦ ማለብ። ወተቱንም ማፍላት። የመጨረሻዋ እንደ ቀላል አትታይ፤ በማልታ ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮችን ሲያነድድ የኖረው ትኩሳት ከጥሬ የፍየል ወተት እንደሚመጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የአገሬው ሐኪም ቴሚስቶክለስ ዛሚት ፍየሎቹን መርምሮ ደረሰበት። በሽታው ዛሬም ብሩሴሎሲስ ተብሎ አለ።

ሐረርጌ ላይ ወተቱ ቦታ ለማግኘት አልተቸገረም። እዚያ ሆጃ አለ፤ የቡና ገለባ ፈልቶ ወተት የሚገባበት። ለሆጃ መናጫ መሙላት አያስፈልግም፣ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። የቀረውን ልጆች ይጠጡታል።

የፕሮግራሙ ፊት ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ፎቶ የሚነሣው ጆሮው የተንዘረፈፈው፣ አፍንጫው የጎበጠው የአንግሎ ኑቢያን ወጠጤ ነበር። (ስሙ ራሱ ያስቃል። ከእኛ ጎረቤት ከኑቢያና ከሕንድ አካባቢ የተወሰዱ ፍየሎች እንግሊዝ ውስጥ ከእንግሊዝ ፍየል ጋር ተዳቅለው፣ «የተሻሻለ ዝርያ» ተብለው ተመለሱ።) ሐሳቡ ያገሩን ፍየል በእሱ አዳቅሎ ወተቷን ማብዛት ነበር።

ውጤቱስ? ፕሮግራሙን ይመሩ የነበሩት ክሪስቲ ፒኮክ ከባልደረባ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ በተሳታፊ ቤቶች ለነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ወተት ከእጥፍ በላይ አድጓል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ወርቅነህ አያሌው ከባልደረቦቹ ጋር ከሐረርጌ ደጋ ያመጣው ውጤት ግን ሌላ ነው። ወተቱንና ሥጋውን ብቻ አልቆጠረም። ፍግን፣ ፍየሏ ለክፉ ቀን እንደ ቁጠባ የምትሰጠውን ዋስትናም ጨመረበት፤ ከዚያ ለጉልበቱ፣ ለመሬቱና ለመንጋው አካፈለው። የተዳቀሉት ፍየሎች ካገሩ ፍየል የበለጠ የተጣራ ጥቅም አልሰጡም። የተሻለ አያያዝ ያገኘች ፍየል ግን፣ ያገር ትሁን የተዳቀለች፣ ባለቤቷን በደንብ ጠቅማለች።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ላነበበ የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ አይጣሉም ባይ ነኝ። ወተቱ የጨመረው ድኻዋ ሴት ፍየል ስላገኘች፣ ቅጠል ስለተከለችና ትሉን ስላከመች ነው። ገንዘቡና ድካሙ የፈሰሰው ግን ወጠጤው ላይ ነበር። የዛሬ ሪፖርቶችም ስንት የተሻሻለ ዝርያ ተሠራጨ ብለው ይጀምራሉ። መኖ በስንት ቤት አጥር ሥር ተተከለ፣ መድኃኒቱ በስንት ብር ቀበሌ ደረሰ የሚለውን ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ።

ከሐረርጌ ወይም ከደቡብ ያላችሁ፣ ቤታችሁ በዚያን ጊዜ ፍየል የተሰጠው ካለ ከታች ጻፉልን። በተለይ ማወቅ የምፈልገው የመጀመሪያዋ ግልገል ለማን እንደተላለፈችና መኖው አጥር ሥር ዛሬም ይኑር አይኑር ነው።