መናገርና ማስረከብ፦ የ«ፕሪንት» እና የ«ሪተርን» ልዩነት ታሪክ

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ክላስ» የሚባለው የአንድን ነገር መረጃና በመረጃው ላይ የሚከናወኑትን ሥራዎች አንድ ላይ የሚይዝ ንድፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሥራ «ሜተድ» ይባላል። ሜተዱ ውጤቱን በ«ፕሪንት» ለሰው ዓይን ያሳያል፣ ወይም በ«ሪተርን» ለጠራው የፕሮግራም ክፍል ያስረክባል፤ ጀማሪዎች ሁለቱን የሚያምታቱትም በስንፍና ሳይሆን የቋንቋው ታሪክ ስላቀራረባቸው ነው።

«ፕሪንት» ማለትም ማተም የሚለው ስያሜ የኮምፒውተር ውጤት በወረቀት ላይ ይነበብ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ፎርትራን 2 ሥራ ብቻ የሚሠራውን «ሳብሩቲን»፣ ዋጋ የሚያስረክበውን «ፈንክሽን» ብሎ በስም ለያቸው፤ የኒክላውስ ቪርት ፓስካልም በ1970 ይህንኑ ድንበር ጠበቀ። ጊዶ ቫን ሮሰም ከፓይተን በፊት አምስተርዳም ውስጥ የሠራበት ኤቢሲ የተባለው ቋንቋም ሁለቱን በየራሳቸው መክፈቻ ቃል ይለያቸው ነበር። ይኸው ሰው በ1991 ፓይተንን ሲያወጣ ግን ሁለቱንም «ዴፍ» በሚል አንድ ቃል ሥር አስገባቸው፤ ለጸሐፊው ቀለለ፣ ለአንባቢው ምልክቱ ጠፋ። «ሪተርን» ያልተጻፈበት ሜተድ ድምፁን ሳያሰማ «ነን»ን፣ ማለትም ባዶን፣ ይመልሳል።

ልዩነቱ በመንዝ በግ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በተካሄደው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ፣ ጠቦቶች እየተመዘኑ ክብደታቸው ይመዘገባል፤ ለአውራነት የሚቀሩትም በመዝገቡ ተነጻጽረው ይመረጣሉ። መዛኙ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ቢናገር ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይሰማል፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ክብደት ግን ለማነጻጸር አይሆንም፤ መናገሩ እንደ «ፕሪንት»፣ መመዝገቡ እንደ «ሪተርን» ነው።

በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው የኢትዮጵያ ፊደል ከ2008ቱ ፓይተን 3 ወዲህ ለክላስና ለሜተድ መጠሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ «ጠቦት» የሚባል ክላስና «ክብደቱ» የሚባል ሜተድ መጻፍ ይቻላል። «ክብደቱ» በ«ፕሪንት» ብቻ ከተጻፈ፣ የሁለት ጠቦቶች ክብደት ድምር ሲጠየቅ 14 እና 16 በስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፤ ወዲያው ግን ፕሮግራሙ ባዶን ከባዶ መደመር ስለማይችል የስሕተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። በ«ሪተርን» ከተጻፈ ድምሩ 30 ይሆናል፣ ያው ቁጥርም ሳይለወጥ ለደረጃ ማውጫ፣ ለዕድገት ስሌት ወይም፣ ጠሪው ከፈለገ፣ ለሕትመት ይውላል። ስለዚህ ሜተዱ ዋጋውን መልሶ፣ ማሳየቱን ለጠሪው ቢተው ይሻላል።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው የፓይተን የመሞከሪያ መስኮት ነው፤ እዚያ የተመለሰ ዋጋ ሳይታዘዝ ስለሚታይ ሁለቱም ሜተዶች 14 ብለው ያሳያሉ። ውጤቱ «ሀ» በሚል ስም ተይዞ ቆይቶ «ሀ» ሲጠየቅ፣ የ«ሪተርን»ኑ 14 ይላል፣ የ«ፕሪንት»ቱ ምንም አይልም።