ያረጀ ነገር ያበላል? ከእንጅባራ ኮርቻ እስከ ድሮ ኮምፒውተር

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የተገኘ ሰው ከየወረዳው የሚጎርፈውን ፈረስ አይረሳም። ያጌጠው ግላስ፣ የሚያብረቀርቀው ልጓም፣ የሽልማቱ ጩኸት ሁሉ ዓይንና ጆሮ ይይዛል። እኔ ግን ለመጨረሻ ጊዜ በሄድኩበት ዓመት ዓይኔ የቀረው ኮርቻው ላይ ነበር። አንድ ኮርቻ ሠሪ አባት ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ሥራ የሚበዛብዎት መቼ ነው?» አልኳቸው። «ከገና በኋላማ እንቅልፍ የለኝም» አሉ ሳቅ ብለው። ቀብድ ያልከፈለ ሰው በዚያ ሰሞን አያስተናግዱም።

ነገሩን ልብ በሉት። ፈረስ በአዊ ዛሬም ይጭናል፣ ያርሳልም። ለጭነትና ለእርሻ ግን ያጌጠ ኮርቻ አያስፈልግም። ያ ኮርቻ የጦር ፈረስ ዘመን ዕቃ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ አልፏል። ታዲያ ጥቅሙ ያለፈበትን ዕቃ የሚሠራ ሰው እንዴት እንጀራ ይበላል?

መልሱ ማኅበሩ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ። በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ይዘክራል። በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን አክብሯል፤ አባላቱም በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ኮርቻ መሸጥ የማኅበሩ ሥራ አይደለም። ኮርቻ የሚያምርበትን ቀን ግን ቆርጦ አስቀምጧል። ሠሪው ለማን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚፈለግና ስንት ሰው ሊገዛው እንደሚችል ያውቃል። ገበያ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። «ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት የቤት ኮምፒውተሮች ወጡ። የአሜሪካው ኮሞዶር 64 እና የእንግሊዙ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ናቸው። ሁለቱም በሚሊዮኖች ተሸጡ፤ ሁለቱም አረጁ። የኮሞዶር ኩባንያ በ1994 ከሰረ። በልጅነታቸው በእነዚህ ማሽኖች የተጫወቱት ግን ጎልማሳ ሆኑ፣ ደመወዝተኛ ሆኑ፣ ናፍቆትም ያዛቸው።

ናፍቆቱን ገበያ ያደረጉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ትልቁ ኩባንያ ነው። ኒንቴንዶ በ2016 መጨረሻ የድሮ መጫወቻውን አሳንሶ መልሶ ሲያወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ይህ ለእኛ ትምህርት አይሆንም፤ ስሙም፣ ፋብሪካውም፣ ጨዋታዎቹም የራሱ ናቸው።

ትምህርቱ ያለው ከሁለተኛው፣ ከትንሹ ሠሪ ዘንድ ነው። በ2017 ጥቂት የስፔክትረም ወዳጆች «ስፔክትረም ኔክስት» የተባለ አዲስ ማሽን ለመሥራት ገንዘብ አሰባሰቡ። የጠየቁት 250 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ ከ3 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ግን ከ700 ሺህ ፓውንድ በላይ ከፈሉ። ማሽኑ ገና አልተሠራም ነበር። በእኛ ቋንቋ ቀብድ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቀብድ የግድ የሚሆነው በወጪው ጠባይ ነው። ለፕላስቲክ ሽፋኑ የሚሠራው ሻጋታ 1 ሺህም ተመረተበት 100 ሺህ ዋጋው ያው ነው። ገዢው አስቀድሞ ካልታወቀ ትንሹ ሠሪ ሻጋታው ላይ ይሞታል። ሰዎቹ ከቀጠሯቸው ሁለት ዓመት ገደማ ዘግይተው በ2020 ማሽኑን አስረከቡ። ደንበኞቹ አጉረመረሙ፤ ሆኖም ዕቃው ጥሩ ስለነበረ በዚያው ዓመት ለሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የበለጠ ገንዘብ አዋጡ።

ተቃራኒውም አለ። «ቪጋ ፕላስ» የተባለ በእጅ የሚያዝ ማሽን በ2016 ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ሰበሰበ። ገዢዎቹ ዓመታት ጠበቁ፤ አብዛኞቹ አልደረሳቸውም። ኩባንያው በ2019 ፈረሰ። ናፍቆቱ ያው፣ ደንበኛው ያው ነበር፤ የጎደለው ታማኝነት ነው። ጠባብ ገበያ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ቀብድ የበላ ሠሪ ዳግመኛ አይሸጥም።

ወደ አገራችን ልመለስ። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባው በግለሰቦች ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ዶ/ር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው የየራሳቸውን የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። በኋላም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በየጽሕፈት ቤቱ ተሰራጩ። የሚሸጡ ዕቃዎች ነበሩ፤ ግን ስንቶቻችን ገዛናቸው? እኔ መጻፍ የተማርኩት ዳንግላ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። ፕሮግራሙ በፍሎፒ ከሰው የመጣ ግልባጭ ነበር። ለሌላ ጓደኛዬም ገልብጬ ሰጥቻለሁ፤ እንደ ስርቆት ቆጥሬው አላውቅም ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ልማዳችን ግን ከአዋጁ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ለተጠቃሚው ደስታ፣ ለሻጩ ግን ትልቅ ፈተና ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በየራሱ አደራደር ይደረድር ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ብትከፍቱት የሚታያችሁ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ነው። የሰፈራችን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጻፈው እንዲህ ነበር። ወረቀቱ ጠፋ፤ ፍሎፒው አባቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። ባለፈው በአንድ ሙግት ምክንያት ደንቡ ሲፈለግ ፍሎፒውን የሚያነብ ማሽን ፍለጋ ሁለት ከተማ ዞርኩ። አላገኘሁም። ሽማግሌዎቹ ደንቡን እያስታወሱ ተከራከሩ፤ ሁሉም ያስታወሰው ለራሱ የሚበጀውን ነው።

እንግዲህ የእኛ የድሮ ኮምፒውተር ገበያ መጫወቻ አይመስለኝም። እንግሊዛዊው ስፔክትረም የሚገዛው ልጅነቱን ሊገዛ ነው፤ የእኛ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ኮምፒውተር አልነበረውም። የሌለ ትዝታ አይሸጥም። እኛ ያለን የተቆለፈ ጽሑፍ ነው። በየዕድሩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየደብሩ፣ በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ። ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን አጠናክሮ፣ የድሮውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ፣ አትሞ የሚያስረክብ ወጣት እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ሥራ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ሻጋታ አያስፈልገውም፤ ዕውቀትና ያገለገለ ማሽን ይበቃዋል።

ሀብታም ያደርገዋል? አያደርገውም። ፍሎፒም አንድ ቀን ያልቃል፤ ማግኔቱ እየደከመ ስለሚሄድ ጊዜው ራሱ አጭር ነው። ኮርቻ ሠሪው አባትም ሀብታም አይደሉም። ልጆች ግን አስተምረዋል።

ልዩነቱ እርሳቸው ከኋላቸው ማኅበር አላቸው። የፊደላችንን የኮምፒውተር ታሪክ የሚዘክር፣ ማሽኑን የሚያሰባስብ፣ ቀን የሚቆርጥ ማኅበር ግን በአካባቢያችን አላየሁም። አባቶቻችን በወረራ ዘመን ለፈረስ ማኅበር አቋቁመዋል። እኛ ደግሞ ቢያንስ መሳቢያችንን እንፈትሽ። ፍሎፒ ያገኘ ሰው አይጣለው፤ ጎረቤቱንም ይጠይቅ። አሥር ሰው ከተገኘ ቀብድ መሰብሰብ ይቻላል።