እንደ ‹‹ሞሮዊንድ›› ያለ ጌም ለሚፈልጉ

የኮምፒውተር ጌም የልጆች ጉዳይ ነው ብሎ ለሚያምን አንባቢ ይህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅመውም፡፡ የምጽፈው ዛሬ ሥራና ቤተሰብ ላለው፣ ግን በተማሪነቱ ዘመን አንድ ጌም ውስጥ ገብቶ ለወራት ጠፍቶ ለነበረውና ያንን ስሜት ዳግም ፈልጎ ላጣው ሰው ነው፡፡ ለእኔም ለበርካታ ጓደኞቼም ያ ጌም ‹‹ሞሮዊንድ›› ነበር፡፡ ‹‹እንደሱ ያለ ሌላ አለ ወይ?›› የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚቀርብልኝ፣ መልሴን አንድ ቦታ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ አሰብኩ፡፡ (የጌሞቹን ዓመተ ምሕረት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፡፡)

ለማያውቁት ባጭሩ፤ ሞሮዊንድ ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 ያወጣው፣ ‹‹ዘ ኤልደር ስክሮልስ›› የተሰኘው ተከታታይ ሦስተኛ ክፍል ነው፡፡ ዓይነቱ በምህፃረ ቃል ‹‹አር.ፒ.ጂ.›› የሚባለው ሲሆን፣ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ኑሮውን ይኖርለታል፡፡ እስረኛ ሆነው በመርከብ ሴይዳ ኒን ወደምትባል ረግረጋማ የወደብ መንደር ይደርሳሉ፡፡ ስምዎን፣ ዘርዎንና ሙያዎን ተጠይቀው ወረቀት ይሰጥዎታል፡፡ ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገፋዎት የለም፡፡ ከመንደሩ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ከሰማይ የሰው ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ጠንቋይ ፊትዎ ላይ ወድቆ ይሞታል፡፡ ማስታወሻውን ሲያነቡ ወደ ሰማይ የሚያዘልል ጥቅልል ድግምት ሠርቶ እየሞከረ እንደነበር ይረዳሉ፡፡ የቀሩት ጥቅልሎች እላዩ ላይ ይገኛሉ፡፡ አንስተው ቢሞክሯቸው እርስዎም ይዘላሉ፤ እንዴት እንደሚያርፉ ግን የሚነግርዎት አይኖርም፡፡

ሰዎች የሞሮዊንድን ወዝ በግራፊክሱ፣ በሙዚቃው ወይም በታሪኩ ሲያመካኙ እሰማለሁ፡፡ እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ከጌሙ ውጭ ነው፡፡ በሙያዬ ቀያሽ ስሆን፣ በሥራ ምክንያት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ዓመታት አሳልፌያለሁ፡፡ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚወስደው መንገድ ደጋውን አቋርጦ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ መካነ ሰላም ያደርሳል፤ ከዚያ በስተምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፡፡ ከዋናው መንገድ ሲወጡ በቦረና ወረዳ የሚመራዎት ካርታ ሳይሆን ሰው ነው፡፡ ‹‹አብሽር ልጄ፣ ያችን ጽድ አልፈህ፣ ጅረቷን ተሻግረህ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በቀኝህ ጥለህ ሽቅብ ስትል ቅርብ ናት›› ይላሉ አንድ አባት፡፡ የእሳቸው ‹‹ቅርብ›› ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ጅረቷም በክረምት ጅረት አይደለችም፡፡ ቢሆንም በነገሩዎት መሠረት ሄደው ቤተ ክርስቲያኑ በቀኝዎ ብቅ ሲል የሚሰማዎት ደስታ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚሰጠው ዓይነት አይደለም፡፡

ሞሮዊንድ በትክክል እንዲህ ነው የሚሠራው፡፡ የት መሄድ እንዳለብዎ የሚያሳይ ቀስት የለውም፡፡ የመጀመሪያው ተልእኮ ባልሞራ ከተማ ሄደው ካየስ የሚባል ሰው እንዲያገኙ ሲሆን፣ አድራሻው ‹‹እዚያ መጠጥ ቤት ገብተህ ጠይቅ›› የሚል ነው፡፡ በኋላ የፈረሰ የጥንት ምሽግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን እንዲያመጡ ይላካሉ፤ በሩን የሚከፍተው ዘዋሪ እበሩ ላይ ሳይሆን ፈንጠር ብሎ ቧንቧ ላይ ነው፡፡ ይህን ሳያውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ፡፡ ባለአገሩ አቅጣጫ ሲነግርዎ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ይህም ዓለሙን ይበልጥ እውነተኛ ያደርገዋል፡፡

ይህ የቀረው በ2006 ‹‹ኦብሊቪየን›› ሲወጣ ነው፡፡ በእሱ ውስጥ ኮምፓሱ ላይ ያለ ምልክት ተልእኮው ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ ጠላቶችም ከተጫዋቹ ጋር እኩል ያድጋሉ፡፡ በ2011 የወጣው ‹‹ስካይሪም›› በዚሁ ቀጠለ፡፡ ምልክቱን ማጥፋት ይቻላል ይሉ ይሆናል፡፡ ይቻላል፤ ነገር ግን ምልክቱ ስላለ ሰዎቹ መንገድ መናገር አቁመዋል፤ ቢያጠፉት ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ፡፡ ስለዚህ ‹‹እንደ ሞሮዊንድ ያለ ጌም›› ሲፈልጉ መጠየቅ ያለብዎት ዓለሙ ምን ያህል ይሰፋል ወይም ያምራል ብለው ሳይሆን፣ መንገድ ጠይቄና አዳምጬ ነው የምጓዘው? ካላዳመጥኩ እጠፋለሁ? ብለው ነው፡፡

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት የአቅምን ነገር እናንሳ፤ መካነ ሰላም ተቀምጦ ጌም መምረጥና አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ መምረጥ አንድ አይደለምና፡፡ ሞሮዊንድ ሲወጣ የጠየቀው 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ብቻ ነበር፡፡ በሚያዝያ 2025 ታድሶ የወጣው ኦብሊቪየን ከ120 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል፡፡ ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም፡፡ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱ ጨርሶ ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ ለመግባት ብቻ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ጌም የነበረው ሰው ምንም አልነበረውም፡፡ በመሆኑም ከሁለቱ ትላልቅ መደብሮች ከስቲም ይልቅ ጎግን አስቀድማለሁ፡፡ ጎግ የሚሸጠው ቁልፍ የሌለው ፋይል ነው፤ አንድ ጊዜ ፍላሽ ላይ ከገለበጡት ኢንተርኔት ሳይጠይቅ ሁልጊዜ ይጫናል፡፡ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ቴሌብር እዚያ አይሠራም፤ ብዙዎቻችን የምናገኘው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል በስጦታ ነው፡፡ ስቲም ላይ በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋ ልዩነቱ ከበዛ ስጦታው ላያልፍ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ፡፡

አሁን ወደ ምርጫዬ ልግባ፡፡ ሌላ ሁሉ ቢቀር ‹‹ጎቲክ››ን ይሞክሩ፡፡ በ2001 ፒራኛ ባይትስ የተባለ የጀርመን ስቱዲዮ የሠራው ሲሆን፣ ስቱዲዮው በ2024 ተዘግቷል፡፡ በአስማት ግርዶሽ የተከበበ የማዕድን ቁፋሮ እስር ቤት ውስጥ ይጣላሉ፤ የገባ አይወጣም፡፡ እስረኞቹ በሦስት ሰፈር ተከፍለዋል፤ ከየትኛው ጋር እንደሚያብሩ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፡፡ ካርታ ከፈለጉ ካርታ ከሚሥለው እስረኛ መግዛት አለብዎት፤ እስከዚያው በሰው አፍ ነው፡፡ ዓለሙ ከሞሮዊንድ በጣም ያንሳል፤ ግን እያንዳንዱ ጥግ የሚታወስ ነው፡፡ ሰዎቹ ሌሊት ይተኛሉ፣ ቀን ይሠራሉ፣ ማታ እሳት ከበው ያወራሉ፡፡ ሳይፈቀድልዎ የሰው ጎጆ ቢገቡ ባለቤቱ ‹‹ውጣ›› ይላል፤ ካልወጡ መሣሪያውን ይመዛል፡፡ መጀመሪያ ላይ ደካማ ስለሚሆኑ ተራ አውሬ ይገድልዎታል፡፡ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ የጌሙ አነዳድ በዘመኑም እንግዳ ነበር፤ እጅዎ እስኪለምደው ሁለትና ሦስት ቀን ይታገሡ፡፡ ቀጣዩ ‹‹ጎቲክ 2›› በ2002 የወጣ ሲሆን፣ ብዙዎች ከመጀመሪያው አብልጠው ይወዱታል፤ እኔ ግን ያ እስር ቤት ከልቤ አልወጣም፡፡ ሁለቱም ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪውን ቶሎ አይጨርሱም፡፡

ዘመናዊ ለሚፈልግ ‹‹አውትዋርድ›› አለለት፤ በ2019 ናይን ዶትስ የተባለ የካናዳ ስቱዲዮ ያወጣው፡፡ ጀግና ሳይሆኑ ባለዕዳ ነዎት፡፡ በአምስት ቀን 150 ብር (የብረቱን ማለቴ ነው) ካልከፈሉ ቤትዎን ይነጠቃሉ፡፡ ካርታ ይሰጥዎታል፤ እርስዎ ካርታው ላይ የት እንዳሉ ግን አያሳይም፡፡ ተራራውን፣ ፍርስራሹን አይተው ከካርታው ጋር ማስተያየት የእርስዎ ፋንታ ነው፡፡ ለቀያሽ ሰው ከዚህ የበለጠ ጌም አልተሠራም! ይርብዎታል፣ ይጠማዎታል፣ ይበርድዎታል፤ ስንቅና ልብስ በጀርባ ሻንጣ ይሸከማሉ፤ ውጊያ ሲመጣ ሻንጣውን ካልጣሉ እንደልብ አይንቀሳቀሱም፡፡ ሲሸነፉ ጌሙ አያልቅም፤ ሽፍቶች ማርከው ዋሻ ውስጥ ሊነቁ ይችላሉ፤ ወይም መንገደኛ አንስቶ ያድንዎታል፡፡ ድክመቱ ሰዎቹ ናቸው፤ ንግግራቸው ደረቅ ነው፡፡ በሞሮዊንድ መጻሕፍትና ወሬ የተደሰተ ሰው ይህ ይጎድልበታል፡፡

‹‹ኪንግደም ከም፡ ዴሊቨራንስ›› (2018፣ ዋርሆርስ፣ ፕራግ) አስማትም ጭራቅም የለውም፡፡ ቦታው ቦሔሚያ፣ ዘመኑ 1403 ነው፤ የሚጫወቱትም የአንጥረኛ ልጅ ሆነው ነው፡፡ ማንበብ እንኳ መማር አለብዎት፡፡ ‹‹ሃርድኮር›› የሚባለውን ምርጫ ካበሩት ካርታው የቆሙበትን ቦታ አያሳይም፤ እኔ ከዚያ ውጭ አልመክርም፡፡ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድና በርካታ ጊጋባይት ይፈልጋልና ሁሉም ሰው አይደርስበትም፡፡

ስካይሪም ያለው ሰው ‹‹ኤንዴራል››ን ተጨማሪ ሳይከፍል ማግኘት ይችላል፤ ሹርኤአይ የተባለ የጀርመን ቡድን በስካይሪም ላይ የሠራው ሌላ ዓለም ነው፤ ታሪኩ ከእናቱ ይበልጣል፡፡ በ2024 የተጠናቀቀው ‹‹ድሬድ ዴሉዥን›› ደግሞ ሆን ብሎ የድሮ መልክ ይዞ የመጣ ትንሽ ጌም ነው፤ የሞሮዊንድ እንግዳነት ለናፈቀው ይመቻል፡፡ ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው የ1996ቱ ‹‹ዳገርፎል›› አለ፤ ቤተስዳ ራሱ ከ2009 ጀምሮ በነፃ ለቆታል፤ ‹‹ዳገርፎል ዩኒቲ›› በተባለው አዲስ ሞተር ዛሬ ባለ ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ይሠራል፡፡ ስፋቱ አገር ያህላል፤ አብዛኛው ግን ባዶ ነው፡፡

እርግጥ ከሁሉ የሚቀርበው አማራጭ ወደ ራሱ ወደ ሞሮዊንድ መመለስ ነው፡፡ ኦሪጅናሉ ያለው ሰው ‹‹ኦፕን ኤም.ደብሊው.›› የተባለውን ነፃ ሞተር ጭኖ ጌሙን በዊንዶውስም በሊኑክስም ማስኬድ ይችላል፡፡ ‹‹ታምሪኤል ሪቢልት›› የተባለው ቡድን ደግሞ ከ2001 ጀምሮ፣ ማለትም ጌሙ ከመውጣቱ በፊት አንስቶ፣ በጌሙ ያልተካተተውን የዋናውን ምድር ክፍል ያለ ደመወዝ እየሠራ በየጊዜው ይለቃል፡፡ ብዙ የተጫወተ ሰው እንኳ እዚያ ሲደርስ እንደገና መንገድ ጠያቂ ይሆናል፡፡

እዚህ ላይ የሚቆረቁረኝን ልናገር፡፡ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ የጀርመን፣ የቼክ፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእንግሊዝ ሰዎች ሥራ ናቸው፡፡ ከአፍሪካ ኪሮ የተባለው የካሜሩን ስቱዲዮ በ2016 ‹‹ኦሪዮን››ን አውጥቷል፤ ከእኛ ዘንድ ቅኔ ጌምስ ‹‹ኩኩሉ››ንና ‹‹ገበጣ››ን ለሞባይል ሠርቷል፡፡ ገብተው የሚጠፉበት የእኛ ደጋ ግን እስካሁን አላየሁም፡፡ ቦታው ጠፍቶ አይደለም፡፡ ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ጓሳውና ጅባራው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያሉበት የቦረና ሳይንት ፓርክ አለ፡፡ በስተሰሜን መቅደላ አለች፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው፣ ገደሉን በእጅ እየናዱ መንገድ እየሠሩ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ፡፡ መድፉ ዛሬም አምባው ላይ ነው፡፡ በሽሎን የት ጋ መሻገር እንደሚሻል ባለአገሩን መጠየቅ፣ ማን ከንጉሡ ጋር እንደቀረና ማን እንደከዳ በየመንደሩ ከወሬ መለየት፤ ይህን የሚያህል አር.ፒ.ጂ. ማን ጽፏል?

መሣሪያው ደግሞ ውድ አይደለም፡፡ ቤተስዳ ሞሮዊንድን ሲሸጥ ዓለሙን የሠራበትን ‹‹ኮንስትራክሽን ሴት›› አብሮ ሰጥቷል፤ ኦፕን ኤም.ደብሊው. ደግሞ የራሱ አለው፡፡ በ2000 የአሜሪካ መንኮራኩር በራዳር የለካው የምድር ከፍታ መረጃ በየ30 ሜትሩ የደቡብ ወሎን ተራራና ገደል ይዞ በነፃ ይወርዳል፤ ለአንድ ወረዳ የሚሆነው ፋይል ከአንድ ዘፈን ቪዲዮ ያንሳል፡፡ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውልያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፡፡ ከፍታውን ወደ ጌም መሬት መለወጥ ፕሮግራም ለሚያውቅ ተማሪ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው፡፡ ረጅሙ ሥራ ሰዎቹ የሚናገሩትን መጻፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይሆን ደብተርና እግር ይጠይቃል፡፡